ማሪያ ካሮሊና፦ የናፖሊ ንግሥት (1752–1814)

ማሪያ ካሮሊና ከ1768 ጀምሮ የናፖሊና የሲሲሊ ንግሥት የነበረች ኦስትሪያዊት ናት (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ስሟ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንሳይዋ የማሪ አንቷኔት እህት ተብላ ብቻ ነው የምትታለፈው፣ ይሄ ደግሞ ይበድላታል፣ ምክንያቱም ካሮሊና የንጉሥ ሚስት ብቻ ሳትሆን አገር ያስተዳደረች ሴት ናት። እናታቸውንማ እኛም እናውቃታለን፣ ጠገራ ብር ላይ ምስሏ ያለው ማሪያ ቴሬዛ ናት።

ኦገስት 13, 1752 ቪየና ተወለደች። ከ16ቱ ልጆች መሀል በጣም የምትቀርባት በ3 ዓመት የምታንሳት አንቷኔት ነበረች፣ ያሳደገቻቸውም አንድ ሞግዚት ናት። በ1767 ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አስቸገሩ ተብሎ እናትየው ለያየቻቸው። በዛው ዓመት ለናፖሊው ንጉሥ ለፈርዲናንድ የታጨችው እህታቸው ዮሴፋ ልትሄድ ስትል በፈንጣጣ ሞተች፣ ከሷ በፊት የታሰበችው ዮሐናም በፈንጣጣ ነበር የሞተችው፣ ስለዚህ ተራው ለካሮሊና ደረሰ። እያለቀሰች ሄደች፣ ገና 15 ዓመቷ ነበር።

ፈርዲናንድ 17 ዓመቱ ነው። አደንና አሳ ማጥመድ እንጂ የመንግሥት ሥራ አይሆንለትም፣ ያጠመደውን አሳ ራሱ ገበያ አውጥቶ በዋጋ እየተከራከረ ይሸጥ ነበር፣ የሚያወራውም የናፖሊን የሰፈር ቋንቋ ነው፣ ድሃው ሕዝብ በዚህ በጣም ይወደዋል። ነገር ግን የጋብቻ ውሉ ላይ አንድ ወሳኝ ነገር ገብቶ ነበር፦ ካሮሊና ወንድ ልጅ ስትወልድ የመንግሥት ምክር ቤት ውስጥ ወንበር ይኖራታል። በ1775 ወንድ ወለደች፣ ወንበሯን ያዘች፣ በ1776 ደግሞ ከስፔን ቤተ መንግሥት ጋር እየተማከረ አገሩን ለብዙ ዓመት ሲመራ የነበረው ሚኒስትር ታኑቺ ተነሳ። ከዛ በኋላ ፖሊሲው የሷ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጆን አክተን የሚባል እንግሊዛዊ ከወንድሟ ከቶስካናው መስፍን ዘንድ አስመጥታ የባህር ኃይሉን አደራጀች፣ ካስቴላማሬ ላይ የመርከብ መሥሪያ ተቋቋመ፣ በ1787 ደግሞ ኑንዚያቴላ የሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ዛሬም አለ። ከአክተን ጋር ፍቅር ይዟታል የሚለው ወሬ ወሬ ነው፣ ማስረጃ አልወጣለትም። ይሄን ሁሉ ስትሠራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፣ 18 ልጆች ወልዳ ለአካለ መጠን የደረሱላት 7 ናቸው።

የፈረንሳይ አብዮት እስኪመጣ ድረስ የተማረ ሰው ትወድ ነበር፣ ፍሪሜሶን የሚባለውን የምስጢር ማኅበር አባላት እንኳን ትከላከልላቸው ነበር። ኦክቶበር 16, 1793 አንቷኔት ፓሪስ ላይ አንገቷ ተቀላ። ካሮሊና ያኔ የመጨረሻ ልጇን እርጉዝ ናት፣ ከዛ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆነች። በእህቷ ምስል ስር «እስከ መቃብር ድረስ እበቀላለሁ» የሚል ጽፋ አስቀምጣለች ይባላል። ፈረንሳይኛ መጽሐፍ የሚያነብ ሁሉ ይጠረጠር ጀመር፣ እስር በዛ።

በ1798 መጨረሻ የናፖሊ ጦር በፈረንሳዮች ተይዛ የነበረችው ሮም ገባ፣ ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዮቹ መልሰው አባረሩትና ወደ ናፖሊ ገሰገሱ። ዲሴምበር 21 ማታ ንጉሣዊው ቤተሰብ በቤተ መንግሥቱ ስር ባለው መተላለፊያ ወጥቶ የእንግሊዙ አድሚራል የኔልሰን መርከብ ቫንጋርድ ላይ ተሳፈረ፣ መርከቧ የተነሳችው በ23 ነው። ኔልሰን ራሱ እንዲህ ያለ ማዕበል አይቼ አላውቅም ያለው ያን ጉዞ ነው። የገና ዕለት የ6 ዓመቱ ልጇ አልቤርቶ እያንቀጠቀጠው በእንግሊዙ አምባሳደር ሚስት በኤማ ሃሚልተን እቅፍ ውስጥ ሞተ። በማግስቱ የልጇን ሬሳ ይዛ ነው ሲሲሊ ያለችው ፓሌርሞ የወረደችው። ይሄን ሳያዩ የቀጣዩን ዓመት ጭካኔዋን ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም።

ናፖሊ ላይ በጃንዋሪ 1799 በፈረንሳዮች ድጋፍ ሪፐብሊክ ታወጀ፣ የቆየው 5 ወር ገደማ ነው። ካርዲናል ሩፎ ለንጉሡ ወግኖ ከደቡቡ አውራጃ ከካላብሪያ ገበሬ አስነስቶ ከተማዋን መልሶ ያዘ፣ ምሽግ ውስጥ ለነበሩት ሪፐብሊካኖችም በሰላም ውጡ ብሎ ፈረመላቸው፣ ኔልሰን ደርሶ ስምምነቱን አፈረሰው። ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች በፍርድ ተገደሉ። ከነዚህ አንዷ ኤሌኖራ ፎንሴካ ፒሜንቴል ናት፣ ድሮ የንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበረች፣ በኋላ የሪፐብሊኩን ጋዜጣ አዘጋጀች፣ ኦገስት 20 ገበያው አደባባይ ላይ ተሰቀለች። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው እስከዛሬ ያከራክራል። ካሮሊና ፓሌርሞ ነበረች፣ የፈረደችውም እሷ አይደለችም፣ ግን ለኤማ በጻፈችው ደብዳቤ ኔልሰን ናፖሊን እንዳመጸች የአየርላንድ ከተማ ያድርጋት (ማለትም ያለ ርኅራኄ ይቅጣት) ብላለች፣ ይሄ በእጇ የተጻፈ ስለሆነ መካድ አይቻልም።

በ1806 ናፖሊዮን ወንድሙን ዮሴፍን ናፖሊ ላይ ሲያነግሥ እንደገና ሲሲሊ ተሰደደች። እዛም ከእንግሊዞቹ ጋር ተጣላች፣ በ1813 የእንግሊዞቹ አዛዥ ሎርድ ቤንቲንክ ከደሴቷ አስወጣት፣ በኮንስታንቲኖፕልና በኦዴሳ ዞራ ቪየና ገባች። ያኔ የልጅ ልጇ ማሪ ሉዊዝ የናፖሊዮን ሚስት ነበረች፣ ናፖሊዮን ወድቆ ኤልባ ሲጋዝ ቤተሰቡ ልጅቷን ቪየና አስቀራት። ካሮሊና ዕድሜዋን ሙሉ ናፖሊዮንን የጠላች ሴት ናት፣ ሆኖም ለማሪ ሉዊዝ «አንሶላሽን መስኮቱ ላይ አስረሽ ወርደሽ ወደ ባልሽ ሂጂ» አለቻት ይባላል።

ሴፕቴምበር 8, 1814 ሄትሴንዶርፍ በሚባለው ቤተ መንግሥት ድንገት ሞተች፣ የተቀበረችውም ቪየና እናቷ ባለችበት የካፑቺን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው። ፈርዲናንድ 3 ወር ሳይሞላ ሌላ አገባ። ልጇ ማሪያ አማሊያ በልጅነቷ ለአንቷኔት ልጅ ታጭታ ነበር፣ ልጁ ሞተ። በ1809 ፓሌርሞ ላይ ሉዊ ፊሊፕን አገባች፣ አባቱ የአንቷኔት ባል እንዲገደል ድምፅ የሰጠ ሰው ነው፣ ካሮሊና ይሄን እያወቀች ነው የዳረቻት። በ1830 ማሪያ አማሊያ የፈረንሳዮች ንግሥት ሆነች፣ በ1848 አብዮት ደግሞ ከፓሪስ ሸሽታ እንግሊዝ ገባች።