በራሪ ጀልባና የመጀመሪያዎቹ የአየር ላይ ካርታዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

(ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«በራሪ ጀልባ ማለት በጎማ ፈንታ ተንሳፋፊ የተገጠመለት አውሮፕላን ነው።»

አይደለም። በራሪ ጀልባ ውሃ ላይ የሚያርፈው በሆዱ ነው፤ የታችኛው አካሉ ራሱ ጀልባ ነው።

«የባህር መሣሪያ ስለሆነ የቀየሰው የባህር ዳርቻ ብቻ ነው።»

ከታላላቅ ሥራዎቹ አንዱ የተሠራው ከባህር ርቆ፣ በካናዳ ጫካ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን እዚያ አውሮፕላን የሚያሳርፍ ሜዳ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ሐይቅ ግን እንደ ልብ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ባህር ኃይል ኤችኤስ-2ኤል የተባሉ 12 በራሪ ጀልባዎችን ለካናዳ ሰጠ። በ1919 አብራሪው ስቱዋርት ግራሃም አንዱን ከሃሊፋክስ አካባቢ ተነስቶ ኩቤክ አደረሰው፤ ለደን እሳት ጥበቃና ለቅየሳ ነበር። መንገድ የምትመራው ባለቤቱ ማጅ ናት። ስሟ ሲዘለል ያናድደኛል።

«ካሜራው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያያል።»

በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ካናዳውያን ወደ ፊት ሰያፍ አድርገው ያነሱ ነበር። እንደ ቪከርስ ቬዴት ባሉት በራሪ ጀልባዎች ሞተሩም ፕሮፔለሩም ከኋላ ናቸው፤ ስለዚህ አፍንጫው ላይ ያለውን ሰው የሚጋርደው ነገር የለም። አንድ ፎቶ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ ያነሳል። ዋናው ነገር አድማሱ ፎቶው ውስጥ መግባቱ ነው፤ ካሜራው ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚታወቀው በእሱ ነው። ከዚያ ቢሮ ውስጥ እየራቁ የሚጠቡ አራት ማዕዘኖች ያሉት መረብ ፎቶው ላይ ይደረባል። በአንዱ ማዕዘን ውስጥ የታየው የሐይቅ ዳር፣ በወረቀቱ ላይ ባለው እኩያ ማዕዘን ውስጥ ይሳላል። በጥቂት ፎቶ ሰፊ አገር ይሸፈናል። ዘዴው የሚያዋጣው ግን መሬቱ ለጥ ያለ ሲሆን ነው፤ ተራራማ አገር ላይ ያሳስታል።

«ዓመቱን ሙሉ ይበሩ ነበር።»

ሐይቁ በረዶ ሲሆን በራሪ ጀልባ ሥራ ይፈታል።

«ፎቶው ከተነሳ ካርታው አለቀ።»

ፎቶ ብቻውን ቦታው የት እንደሆነ አይናገርም። አውሮፕላኑ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ የምስሉ ልኬትም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ቀያሾች በታንኳና በእግር ሄደው፣ ፎቶው ላይ የሚለዩ ነጥቦችን መሬት ላይ መለካት ነበረባቸው። ፎቶዎቹን የሚያያይዙትም በእነዚያ ነጥቦች ነው። አውሮፕላኑ የቀያሹን ድካም በብዙ ቀነሰለት እንጂ ቀያሹን አላስቀረውም።