ዩኬ ባዮባንክ፦ የሕክምና ካርድና ዘረመል ሲገናኙ

ዩኬ ባዮባንክ የግማሽ ሚሊዮን የብሪታንያ ነዋሪዎችን የጤና መረጃና ዘረመል አንድ ላይ ይዞ ለተመራማሪዎች የሚያቀርብ ተቋም ነው። ከ2006 እስከ 2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ ሰዎች በደብዳቤ ተጠሩ። የመጡት ደምና ሽንት ሰጡ፣ ክብደታቸውና ግፊታቸው ተለካ፣ ስለ አኗኗራቸው ተጠየቁ። ናሙናው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ተቀምጧል።

ትልቁ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ተሳታፊዎቹ ሲፈርሙ የሕክምና መዝገባቸውም እንዲታይ ፈቅደዋል። ብሪታንያ ውስጥ ሕክምናው በአብዛኛው ኤንኤችኤስ በሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ሥር ስለሆነ፣ ተሳታፊው ከ10 ዓመት በኋላ ሆስፒታል ቢተኛ፣ ካንሰር ቢገኝበት ወይም ቢሞት ማንም ቤቱ ሄዶ ሳይጠይቅ መረጃው ይደርሳል። ስሙና አድራሻው ለተመራማሪ አይሰጥም። መውጣት ከፈለገም በማንኛውም ጊዜ ይወጣል።

ፈቃዱ እንዲሁ የወረቀት ሥራ አይደለም። አይስላንድ በ1998 ባወጣችው ሕግ እምቢ ያላለ ሰው ሁሉ የጤና መዝገቡ ወደ አንድ ማዕከል እንዲገባ ወሰነች። በ2003 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞተ አባቷ መዝገብ እንዳይገባ ለጠየቀች ልጅ ፈረደላት፤ ከአባት መረጃ የልጅም ይታወቃላ! ያ የመረጃ ማዕከል ሳይሠራ ቀረ።

ሌላው ችግር የሕክምና መዝገብ ለምርምር ተብሎ የተጻፈ አለመሆኑ ነው። ሐኪሙ የሚጽፈው ለማከም ነው፣ የበሽታው መለያ ኮድ የሚገባው ለሪፖርትና ለክፍያ። ስለዚህ «ስኳር ያለበት ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እንኳ ቀላል አይደለም። የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን የሚወስድ ሁሉ ስኳር የለበትም፤ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባል የእንቁላል እጢ ችግር ላለባቸው ሴቶችም ይታዘዛል። ካርዱ ላይ ስኳር ያልተጻፈለት ሰውም ገና ያልተመረመረ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የበሽታው ኮድ፣ የታዘዘው መድኃኒትና የላብራቶሪ ውጤቱ ጎን ለጎን የሚታዩት። እኔ የምርምሩ ልብ ይሄ ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ዘረመሉ የቱንም ያህል በጥራት ቢነበብ፣ በ2023 መጨረሻ የወጣው የባዮባንኩ መረጃ ደግሞ የሁሉንም ተሳታፊዎች ማለት ይቻላል ሙሉ ዘረመል የያዘ ነው፣ በሽተኛውና ጤነኛው ከተቀላቀሉ ውጤቱ አይታመንም።

ዘረመልንና የጤና መረጃን ማገናኘቱ ከተሳካ ምን ይገኛል? ባዮባንኩ ሥራ በጀመረበት በ2006 አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት ታተመ። ለዓመታት ክትትል ከተደረገላቸው ጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶዎቹ ፒሲኤስኬ9 የተባለው ዘረመላቸው አንዱ ቅጂ የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ያንስ ነበር፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ88 በመቶ። በ2015 ይህንኑ የሚያስመስሉ መርፌዎች ተፈቀዱ። በጥናቱ ነጮች ብቻ ቢካተቱ ኖሮ ይህ ነገር እንዲህ ጎልቶ ባልታየ።

የዩኬ ባዮባንክ ድክመትም እዚሁ ላይ ነው። ከተጋበዙት ወደ 9 ሚሊዮን ሰዎች እሺ ያሉት 5.5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው ሕዝብ ይልቅ ጤነኞችና የተሻለ ኑሮ ያላቸው ናቸው። ወደ 94 በመቶው ነጮች ናቸው። ከእነሱ ተሰልቶ የሚወጣ የበሽታ ስጋት ግምት አፍሪካዊ ዝርያ ላለው ሰው በደንብ አይሠራም።

ይህ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለወጠው ሲዋይፒ2ዲ6 በሚባለው ዘረመል ሥራ ነው። በ1996 የታተመ ጥናት ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ዘረመል ትርፍ ቅጂ ነበራቸው፤ ስዊድናውያን ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ሰውነት ኮዴይኑን ቶሎና አብዝቶ ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው፣ ለሌላው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ክፍተቱን ለመሙላት በ2018 ለሕዝብ የከፈተችው ፕሮግራም «ኦል ኦፍ አስ» ይባላል። ግቡ 1 ሚሊዮን ሰው ሲሆን፣ ሲጀመር በምርምር ተረስተው ለቆዩ ማኅበረሰቦች ቅድሚያ ሰጥቷል። እዚያም የሕክምና ካርዱ የሚገናኘው ተሳታፊው ከፈረመ ብቻ ነው።