የታደሰ ክላሲክ መኪና በምን ይለካል? ከባሕር ዳር ቮልስ ጋር

ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ «መኪናዋ ታደሰች» ከተባለ፣ ብዙውን ጊዜ አዲስ ቀለም ተቀባች ማለት ነው። የክላሲክ መኪና ዳኞች ግን ሌላ ነገር ይፈልጋሉ፦ ከፋብሪካ እንደወጣች መሆኗን።

የዓለም አቀፉ ታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። በእሱ ትርጉም ታሪካዊ መኪና ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ የቀድሞ ይዞታውን የጠበቀና ለዕለት ተዕለት ጉዞ የማይውል ነው። በዚህ በመጨረሻው መስፈርት ዛሬም ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ የጣና ዳር ቮልስ ይወድቃል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። እዚህ አገር ቮልስን በሕይወት ያቆየው ሥራ ላይ መዋሉ ነው።

የአሜሪካው ጥንታዊ መኪኖች ክለብ ሙሉ ነጥብ 400 ነው፤ ዳኛው በየጉድለቱ ይቀንሳል። ፋብሪካው ከሠራው በላይ ማሳመር ተጨማሪ ነጥብ አያስገኝም።

ምርመራው ከሊብሬ ይጀምራል፦ እዚያ የተጻፉትን ቁጥሮች መኪናዋ ላይ ካሉት ጋር አስተያዩ። የቮልሷን የኋላ ወንበር አንሱ። መሐል ለመሐል የሚያልፈውን ጉብታ በጨርቅ ስትጠርጉት የሻንሲ ቁጥሩ ብቅ ይላል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከኋላ፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ተመትቷል። ሊብሬው ላይ ሞተር ተቀይሯል የሚል ካለ፣ የመጀመሪያው ሞተር የለም ማለት ነው። ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን አውቶሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ ተነስቶ መኪናዋ የተመረተችበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሟን የሚገልጽ ሰርተፍኬት ይሰጣል። የኋላ መስኮቱም ዕድሜዋን ይናገራል፦ እስከ 1953 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 ሞላላ ነበር።

ቦዲው ላይ ጠላታችን ስቱኮ፣ የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልስን፣ ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩና ፓራፋንጎው ላይ አስኪዱት። ስቱኮው የወፈረበት ቦታ ላይ አይዝም፤ ከሥሩ ብዙ ጊዜ ዝገት አለ። ቀለም ደግሞ በጣና ዳር ክረምት ያስቸግራል። ቶሎ የሚደርቅ ቀለም እርጥብ አየር ላይ ከተረጨ፣ ፊቱ ነጭ ጉም የለበሰ ይመስላል። ስለዚህ በጋ እስኪገባ መታገስ ይሻላል።

በ2012 እ.ኤ.አ. ፊቫ ያጸደቀው የቱሪን ቻርተር ከማደስ ይልቅ ያለውን ማቆየትን ያስቀድማል። የፋብሪካ ቀለሟ ገና ያልተነካ ቮልስ ካለቻችሁ፣ ብትደበዝዝም፣ ቀለም ቀቢው ጋ ከመውሰዳችሁ በፊት መጀመሪያ በፖሊሽ ሞክሯት።