መንፈሳዊ እንክብካቤ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ካንሰር ታማሚዎች ሲጽፍ፣ ሐኪሞች የሚያደርጉት ሲያልቅባቸው ታማሚውን ለመንፈሳዊ እንክብካቤ ይተዉታል አለ። በመሀል አዲስ አበባ በምሠራበት የማስታገሻ ሕክምና (የጽኑ ሕሙማንን ሥቃይና ጭንቀት የሚያቀልል ሕክምና) ክፍልም ቤተሰብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲህ የቀረው ጸሎት ብቻ ነው ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቀናል። ቃሉ እንደ መሰናበቻ በተነገረ ቁጥር የሚጎዳው ታማሚው በመሆኑ ዝም ማለት አልቻልሁም።

መንፈሳዊ እንክብካቤ ማለት ታማሚው ሕመሙን በምን እንደሚተረጉመው፣ ምን እንደሚያጽናናውና ከፈጣሪውም ከሰውም ጋር ያልታረቀው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ ከዚያም የሰማነውን የሕክምናው አካል ማድረግ ነው። ቄስ፣ ሼኽ ወይም ፓስተር መጥራት ከዚህ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ጊዜውም የመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን ካንሰር መሆኑ የታወቀበት ሰሞን ነው፤ ከኬሞቴራፒው (ኬሞ፣ ካንሰሩን በመድኃኒት ማጥቃት) እና ከጨረር ሕክምናው ጎን ለጎን ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለማስታገሻ ሕክምና በሰጠው ትርጉም መንፈሳዊ ችግርን ከአካላዊው ጋር አብሮ የጠቀሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን (ሆስፒስ በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ላሉ ታማሚዎች የሚሰጥ እንክብካቤና የሚሰጥበት ቤት ነው) የከፈቱት ሐኪም ሲስሊ ሳንደርስ የታማሚ ሥቃይ አካላዊ፣ ሥነ ልቦናዊ፣ ማኅበራዊና መንፈሳዊ ገጽታ እንዳለው አስተምረዋል። እኔ ይህን የማስረዳው በቃሬዛ ነው። አራት ሰው አራቱን ጫፍ ይይዛል፤ አንዱ ጫፍ ዝቅ ካለ ሦስቱ የቱንም ያህል ቢበረቱ ታማሚው ወደዚያው ይንሸራተታል። «ብቻዬን እሸከመዋለሁ» የሚል ሲመጣ፣ ሐኪምም ይሁን የሃይማኖት አባት፣ ቃሬዛው ከመሬት አይነሣም። መንገዱ ሲረዝም ተሸካሚ ይለዋወጣል፤ ዳገት ሲመጣም ክብደቱ ከኋላ ወዳሉት ይወርዳል። በኬሞው ወራት ቀለል ያለ የነበረው ጫፍ በሽታው ሲጠና ከሁሉ የሚከብደው ሊሆን ይችላል።

ካንሰሩ ወደ አጥንታቸው የተሠራጨ አንድ አባት የታዘዘላቸውን የሚጠጣ ሞርፊን፣ ብርቱውን የሕመም ማስታገሻ፣ አልወስድም አሉ። ጠርሙሱ ሳይከፈት ራስጌያቸው ተቀምጦ እርሳቸው የአልጋውን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። ሱስ ፈርተው መስሎን ደጋግመን አስረዳን። በኋላ ነርሷ አጠገባቸው ተቀምጣ «አባቴ፣ ከመድኃኒቱ ምኑ ነው የሚያስፈራዎት?» አለቻቸው። «ይህ የኃጢአቴ ዋጋ ነው፤ እዚህ ካስታገሣችሁልኝ እዚያ ይጠብቀኛል» አሉ። ሞርፊኑን ብንጨምር ብንቀንስ ይህን አይፈታም ነበር። በፈቃዳቸው የንስሐ አባታቸው ተጠሩ፤ ለብቻቸው ረዘም ያለ ጊዜ ተነጋገሩ፤ በማግሥቱ ጠርሙሱ ተከፈተ። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በንጋት ጸሎታቸው እንዳያንቀላፉ የመድኃኒቱ ሰዓት እንዲስተካከልላቸው። (ድብታው በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት በኋላ ይቀንሳል፤ የሆድ ድርቀቱ ግን ስለማይለቅ ሞርፊን ለሚወስድ ሰው የሆድ ማለስለሻ አብሮ ሊታዘዝለት ይገባል።)

አስተያየት ሰጪው «ይህ የሃይማኖት አባቶች ሥራ ነው፤ ሐኪሙ ምን አገባው?» ይል ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሃይማኖት ማኅበረሰባቸው ብርቱ ድጋፍ ያገኙ የካንሰር ታማሚዎች በሕይወታቸው መጨረሻ ይበልጥ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገቡ፣ ከእነርሱ መካከል የሕክምና ቡድኑም በመንፈሳዊው በኩል የደገፋቸው ግን የሆስፒስ እንክብካቤ ይበልጥ አግኝተዋል። ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን አያረጋግጥም፤ አገሩም ሌላ ነው። ቢሆንም ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው ሲሠሩ የሚፈጠረውን ክፍተት እኔም በየዕለቱ አየዋለሁ።

መደገፍ ማለት መስበክ አይደለም። የጤና ባለሙያ የራሱን እምነት በአልጋ ላይ ባለ ሰው ላይ መጫን የለበትም፤ ሃይማኖት የለኝም የሚል ታማሚም ከወንድሙ ሳይታረቅ መሞት ሊያስጨንቀው ይችላል። ከእንጦጦ ጸበል ይዘው የሚመጡትንም አንቆጣም፤ የምንለምነው መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ነው። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ከተላላፊ በሽታ የሚከላከልለት ነጭ የደም ሕዋሱ ሊወርድ ስለሚችል ያልታከመ ውኃ መጠጣቱን ከሐኪሙ ጋር ይማከርበት፤ ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ጾምም ሆነ ሱባኤ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይምጣ።

ከሁሉ የሚያስቸግረን ቤተሰብ በር ላይ ይዞን «ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሩት» የሚለው ነው። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ቃሬዛው ወዴት እንደሚሄድ ያልተነገረው ሰው ማንን መሰናበት፣ ከማን ጋር መታረቅ እንደሚሻ ሊነግረን አይችልም። ስለዚህ ታማሚውን ራሱን «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብለን እንጠይቃለን። «ለልጄ ንገሯት» ካለ ለልጁ እንነግራለን፤ «ለእኔው ንገሩኝ» ካለ ግን ወንበር ስበን ከጎኑ እንቀመጣለን።