«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» ከወዴት መጣ?

ባለፈው ወር በሰፈራችን ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ሠልስት ነው፤ ንፍሮው ዞሯል፤ ካርታ የሚጫወቱት በአንድ ጥግ ናቸው። ድንኳኑን ከተከሉትና አግዳሚ ወንበሩን በትከሻቸው ካመላለሱት የዕድራችን ወጣቶች አንዱ አጠገቤ ካሉ ሰው ጋር ይጫወታል። ሰውየው እኩያዬ ናቸው። ጨዋታው እንዴት ወደዚያ እንደዞረ አላስታውስም፤ «ለመሆኑ ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ሲሉት ሰማሁ። «የለኝም ጋሼ» አለ፤ ሳይኮራም ሳያፍርም። ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሃይማኖት የግል ነው ሲባል አልሰማህም? ለእያንዳንዱ ሰው የግሉ አለው ማለት እኮ ነው። የፈለግኸውን ያዝ፤ ብቻ ይኑርህ። ሃይማኖት የሌለው ሰው አገርም የለው» አሉት። በዙሪያችን ያሉት ልክ ነው፣ ልክ ነው አሉ። ልጁ ዝም አለ። እኔም ለቅሶ ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ።

«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለውን አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ስለሚያውቀው ቃል በቃል አልተረጉመውም። እኔን የሚያሳስበኝ «የግል» እና «የጋራ» የሚሉትን ቃላት የከተማ ጆሮ እንዴት እየሰማቸው እንደሆነ ነው።

ያደግኩት ደቡብ ወሎ ነው፤ ከደሴ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ከመንደራችን በላይ ጋራ አለ፤ ከበታቹ ማሳ። ማሳው በወሰን ድንጋይ የተከፋፈለ ነው፤ የማን እርሻ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ እኛ ልጆቹ እንኳ ዐይናችንን ጨፍነን እናውቀዋለን። ባለቤቱ ደቦ ከጠራ መንደሩ በሬውን ጠምዶ ይመጣል፤ ካልጠራ ግን ማንም ገብቶ አያርስለትም። እንዲያውም አንዳንዱ መሬቱን አንድ ክረምት ሳያርሰው ያሳልፋል። በእኛ ቋንቋ «መሬቱ ጾም አደረ» ይባላል። ጎረቤት ሲያልፍ ጾም ያደረውን መሬት አይቶ ከንፈሩን ሊመጥ ይችላል፤ ባለቤቱንም «ምነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጾም ስላደረ ብሎ ግን ወሰኑን አልፎ ሞፈሩን አይሰካበትም። የግል ማለት ይህ ነው። ማረሱም አለማረሱም የባለቤቱ ነው።

ጋራው ሌላ ነው። ቁልቁለቱ ለማረሻ ስለማይመች የሁሉም ከብት የሚሰማራበት ነበር። እንደዚህ ያለ የጋራ ግጦሽ ደግሞ ሥርዓት አለው። የመንዝ ጓሳን ያየ ያውቀዋል፤ ሣሩ ተጠብቆ ይከርምና ሽማግሌ በቆረጠው ቀን ለሁሉም ይከፈታል። የእኛው እንደዚያ የታወቀ አይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ነው፤ ከብት ያለው ሁሉ ይገባል፤ የገባ ሁሉ ይጠብቃል።

እኔና የጎረቤታችን ልጅ ከብት የምንጠብቀው እዚያ ነበር። ዓርብ ረፋድ ላይ እሱ ከአባቱ ጋር ለጁምዓ ወደ መስጊድ ይወርዳል፤ ከብቶቹ የእኔ ናቸው። እሑድና በየወሩ በ21፣ በማርያም ቀን፣ እኔ ከእናቴ ጋር እሳለማለሁ፤ ላሞቻችን የእሱ ናቸው። አንድ ቀን የእኛ ጊደር በእሱ ተራ ገደል ገብታ እግሯ ተሰበረ። ከአባቴ ፊት ቆሞ ሲያለቅስ አስታውሳለሁ፤ አባቴም እኔን እንደሚቆጣኝ ተቆጣው፤ ከዚያ እንደ እኔው እራቱን አብልቶ ሰደደው። ቆሎውንና እሸቱን ከአንድ ጭብጥ እንበላለን። የዓውደ ዓመት ድፎ ዳቦ ይዤለት እወጣለሁ፤ የዶሮውን ብልት ይዤለት ወጥቼ ግን አላውቅም። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም።

አያቴ ቤት ቆጡ ላይ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ አንድ ድስት፣ አንድ ቢላዋና ጥቂት ሳህኖች ነበሩ። ሰርግ ወይም ተዝካር ሲመጣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ፍየል ወይም ወይፈን ከነነፍሱ ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው ባርከው፣ ራሳቸው አርደው፣ ከዳሱ ጀርባ በዚያ ድስት ይሠራሉ። እነሱም ሰርግ ሲኖርባቸው ለእኛ እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ታላቅ እህቴ ሽሮ ልትሠራበት ያንን ድስት ስታወርድ አያቴ እጇን ያዘቻት። «ይሄ የእኛ አይደለም፤ እኛ ዘንድ ያለ የእነሱ ነው» አለቻት። ድስቱን መልሳ ስትጠቀልል እጇ እንዴት እንደተጠነቀቀ አሁንም ይታየኛል።

እንግዲህ እኔ አባባሉ ከዚህ ኑሮ የበቀለ ነው ባይ ነኝ። «የጋራ» በሚለው ቃል ውስጥ ጋራው ራሱ ይሰማኛል። የቃላት ሊቃውንት ከአንድ ላይ መሆንን የሚገልጸው «ጋራ» እና ተራራው «ጋራ» ለየቅል ናቸው ሊሉኝ ይችላሉ፤ የእረኛ ልጅ ግን ሁለቱን አይለያቸውም። አንድ ላይ የምንሆነው ጋራው ላይ ነበርና። «ግል»ም ከ«ገለል አለ» ጋር ዘመዳሞች ይመስሉኛል፤ ሰው ገለል ብሎ ከፈጣሪው ጋር፣ ወይም ከራሱ ጋር ብቻ፣ የሚሆንበት ቦታ።

ብዙ ሰው አባባሉን ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይሰጠዋል። ንጉሡ ብለውት ይሆናል፤ ከእሳቸው ተጀመረ የሚለውን ግን ልቤ አይቀበለውም። ይህንን ለመናገር መጀመሪያ በሌላው መንገድ መጎዳት ያስፈልጋል፤ ወሎ ደግሞ ተጎድቷል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። ለአገር አንድነት የሚበጀው አንድ ሃይማኖት ነው ብለው ስላመኑ የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ አሉት። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሼህ ጦልሐን የመሰሉት እምቢ ብለው ሸፈቱ። ከሁለቱ መካከል የቀረው ብዙ ሕዝብ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ አደረ። ነገሩ በዚያም አላበቃም፤ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. «ሰልሟል» ተብለው ከሥልጣን ወረዱ። አባት ሃይማኖት ለውጦ ሹመት አገኘ፤ ልጅ ለወጠ ተብሎ ዙፋን አጣ። ይህንን በአንድ ቤት ውስጥ ያየ ሕዝብ «ሃይማኖት የግል ነው» ቢል ምን ይደንቃል?

ወደ ቤተ መንግሥት የገባበትንም በር የማውቀው ይመስለኛል። የኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱትም አምባሰል። ቃሉ ከወሎ እልፍኝ ወደ አዲስ አበባ በእሳቸው በኩል ሄዶ ከንጉሡ ጆሮ የደረሰ ይመስለኛል። ግምቴ ነው፤ እኔ ግን አጥብቄ ይዤዋለሁ።

ከቤተ መንግሥቱ ሲወጣ ደግሞ ጎድሎ ወጣ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ማንም በእምነቱ እንዳይነካ እያለ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ኦርቶዶክስ ናት ብሎ ደነገገ። ሙስሊሙ በወረቀት ላይ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይባል ነበር፤ የተወለደበት ጋራ ላይ እንግዳ ሆኖ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ታላቅ ሰልፍ አንዱ ጥያቄ ይኸው ነበር፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» በሉን። ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ደርግ ሁለቱን ዒዶችና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አደረገ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ግን ያው መንግሥት ከሌላው ወገን ደግሞ ወሰን ጣሰ፤ በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ እና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። አንዱ ዘመን «ይኑርህ» ብሎ፣ አንዱ «አይኑርህ» ብሎ በሰው ማሳ ገብቷል።

በመንደራችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን አይሳለሙም፤ መስጊድም አይሰግዱም። አባታቸው ከቦሩ ሜዳ በኋላ ሁለት ስም የያዙ ሰው ነበሩ ይባላል፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለሌሊት። «ለምን አይሄዱም?» ብዬ በልጅነት ድፍረት ጠይቄያቸው ነበር። «አባቴ በሁለት ስም ኖሮ ደከመው፤ እኔ ላሳርፈው ብዬ ነው» አሉኝ። የሁለታችንም በዓል አንድ ቀን ሲገጥም የእኔንም የጓደኛዬንም ከብቶች የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። የተጣላ የሚያስታርቁት፣ የወሰን ድንጋይ ተገፋ ሲባል የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ የማንም ወገን አይደሉም ተብለው ሳይሆን ዋሽተው ስለማያውቁ። ቄሱም ሼሁም ይመክሯቸው ነበር። መከሩ እንጂ አላባረሩም።

ሲሞቱ ጭንቅ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አይቀበሩ፤ የሙስሊሙ መቃብርም አይሆን። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጡ። በመጨረሻ ከጋራው ግርጌ፣ ከብት የማይረግጠው ቦታ ተመረጠ። የጓደኛዬ አባት ዶማውን፣ አባቴ አካፋውን ይዘው ተቀባብለው ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ቄሱ ራሳቸውን አዘንብለው ቆሙ፤ ሼሁ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም። ከዚያ ሁሉም ጠጠር ጣለ።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት የሰማሁት አተረጓጎም አባባሉን ገልብጦታል። «የግል» ማለት ለሁሉም አንድ አንድ ይታደል ማለት አይደለም። ሃይማኖት ለሰው ሁሉ ያስፈልጋል የሚሉ ሰዎች እምነታቸውን ቢናገሩ ነውር የለበትም፤ እኔም አማኝ ነኝ፤ ልጆቼንም በእምነቴ አሳድጌአለሁ። ይህንን ለማለት ግን ይህን አባባል አይጥሩብኝ፤ ሁለተኛው ግማሽ አፋቸውን ይዘጋቸዋል። አገር የጋራ ነው ካልን መግቢያው ሃይማኖት መያዝ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 የሕሊናን ነፃነት ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ ማኅተብህን ወይም መስገጃህን አሳየኝ አላለም። ሌሎች ደግሞ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ቆርጠው ይይዙና መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለብኝ ብሎ የሚያለቅሰውን ሰው «ሃይማኖት የግል ነው» እያሉ ዝም ያሰኙበታል። የጎረቤት ማሳ ሲቃጠል የግሉ ነው ብሎ የሚያልፍ ገበሬ በእኛ መንደር አልነበረም።

ያ ወጣት የዕድሩን ወርሃዊ መዋጮ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅም፤ የስንቱን ሬሳ ተሸክሟል። የእሱ ቀን ሲመጣ ግን የት እንደምንቀብረው ማናችንም አስበን አናውቅም። በዚህ ወር የዕድር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ የምጠይቀው ይህንን ነው።