የጠመንጃ በርሜል አያያዝ በደሴና በኮምቦልቻ አየር

ከጦሳ ተራራ ግርጌ ያለችው ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በደሴ ብርድ ያደረ ጠመንጃ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ወይም ከጉም ወጥቶ ምድጃ የሚነድበት ቤት ሲገባ ያልበዋል፤ ላቡ በርሜሉ ውስጥም ይይዛል። ወዲያው ዘይት መቀባት እርጥበቱን ከሥር ማፈን ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከቤቱ ሙቀት ጋር ሲስተካከል በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፤ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ነው።

በርሜል ቶሎ የሚበላው ግን ከጥይቱ የሚመጣው ጨው ነው። በብዙ የቆዩ የምሥራቅ አውሮፓ ወታደራዊ ጥይቶች ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት አለ፤ ሲተኮስ ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆንና በርሜሉ ውስጥ ይቀራል። ይህ ጨው የአየሩን እርጥበት ይስባል፣ በክረምት ደግሞ ደሴ እርጥበት አይቸግራትም። ዘይትም ሆነ ነጭ ጋዝ ጨው አያሟማም። የሚያሟማው ብዙ ሰው ዝገት ያመጣል ብሎ የሚሸሸው ውኃ ነው።

እጥበቱ በተተኮሰበት ዕለት ቢሆን ይመረጣል። ካዝናው ተነቅሎ፣ መዝጊያው ወደ ኋላ ተስቦ፣ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል በዓይንም በጣትም ይፈተሻል። አፈሙዙ ወደ ታች ተደፍቶ ግማሽ ሊትር ያህል የፈላ ውኃ ከኋላ ይፈስሳል፤ ብረቱ ስለሚሞቅ ቶሎ ይደርቃል። የክላሽ ፒስተንና የጋዝ ቱቦም አብረው ይታጠባሉ። ጥላሸቱ በነጭ ጋዝ በተነከረ ብሩሽ ይለቃል፤ ከዚያ ሁለት ጣት ስፋት ያለው አቡጀዲ በዘንግ እየተገፋ፣ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ እስኪወጣ ይቀያየራል።

እንደ ምንሽር መዝጊያው የሚወጣ ጠመንጃ ከኋላ ይወለወላል። ክላሽ ግን ከአፈሙዝ ነው፤ ስለዚህ ሰደፉ ውስጥ ከሚቀመጠው የመወልወያ ዕቃ ላይ ቆቡ ወጥቶ አፈሙዙ ላይ ይደረጋል። ያለ እሱ ዘንጉ የአፈሙዙን ጠርዝ በአንድ ጎን ይፍቃል፤ የባሩዱ ጋዝ በዚያ በኩል ቀድሞ ሲያመልጥ ጥይቱን ያዘነብለዋል። አነጣጣሪው የሚታማው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ለበርሜል ሦስት አራት ጠብታ ቀጭን ዘይት በጨርቅ ላይ ይበቃል፤ የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝና አሲድ አለበት፤ የኑግ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የጋዝ ቱቦና ፒስተን ደረቅ ይሁኑ፣ ዘይት እዚያ ተቃጥሎ ጥላሸት ነው የሚሆነው።

ዘይቱ ለማስቀመጫ እንጂ ለተኩስ አይደለም። ከመተኮስ በፊት በደረቅ ጨርቅ ካልተጠረገ የመጀመሪያው ጥይት ከሌሎቹ ተለይቶ ይወድቃል፤ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል ዘይት ከያዘ ደግሞ ቀለሁ ግድግዳውን ስለማይቆነጥጥ መዝጊያውን አጥብቆ ይገፋል። አዲስ በርሜልን በየጥይቱ እያጸዱ «ማለማመድ» ውስጡ ክሮም ለተለበጠ ክላሽ ብዙም አይፈይድም።

ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ ቢቆም ትርፍ ዘይት ወደ እንጨቱ አይወርድም። አፈሙዙን በጨርቅ መወተፍ ግን እርጥበት ያፍናል፤ ተረስቶ ከተተኮሰም በርሜሉን ያሳብጣል ወይም ይሰነጥቃል።