ከውስጥ ድምፆች ጋር መነጋገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

“አንዱ ልቤ ሂድ ይለኛል፣ አንዱ ልቤ ተው ይለኛል።” ይህን ያላለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁለቱንም ልብ በየተራ ወንበር ሰጥቶ የሚያናግር የምክክር ዘዴ አለ፤ ቮይስ ዲያሎግ ይባላል። የጀመሩት ሃል ስቶን እና ሲድራ ስቶን የተባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው። ጊዜው 1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)፣ ቦታው ካሊፎርኒያ። ሲድራ ስለ ውስጧ ስታወራለት፣ ሃል ስለ ስሜቱ ከምትተርክ ራሱን ስሜቱን ሆና እንድታወራ ጠየቃት። እሷም ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ትንሽ ልጅም ሆና ተገኘች።

አሠራሩ ያን ያህል አልተወሳሰበም። ባለጉዳዩ መሀል ይቀመጣል። አመቻቹ (ምክክሩን የሚመራው ሰው)፣ ለምሳሌ፣ “ሥራ ሥራ የሚልህን ክፍል ላናግረው” ይላል። ሰውየው ወንበሩን ወደ ጎን ስቦ፣ ያንን ክፍል ሆኖ ያወራል። ከዚያ ተቃራኒው ተራ ያገኛል። በመጨረሻ ወደ መሀል መመለስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ዘዴ ብዙ ይወራል፤ የሚወራው ሁሉ ግን እውነት አይደለም።

“ይሄ ለእብድ ነው”

ብዙዎች ፊልም ላይ ያዩትን ነው የሚያስቡት። አንድ ሰው በድንገት ሌላ ስም ይዞ ይነሳል፣ ትናንት ያደረገውን አያውቅም። እንዲህ ያለ ሕመም በእርግጥ አለ፤ የማስታወስ ክፍተትም አንዱ ምልክቱ ነው። እዚህ ግን ሰውየው ወንበር ቢቀይርም የተናገረውን ሁሉ ያስታውሳል። ከክፍሉ ወጥቶም ሥራው ይሄዳል።

“መንፈስ ማስለፍለፍ ነው”

ይህ ስጋት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጸበል ቦታ ወይም የጸሎት ፕሮግራም ላይ “ማን ነህ? ከመቼ ጀምሮ ያዝካት?” ሲባል የሰማ ሰው፣ አንድ ባለሙያ “ከመቼ ጀምሮ አብረሃት አለህ?” ሲል ቢሰማ ይደነግጣል። ጥያቄው እውነትም ይመሳሰላል።

የሚመልሰው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ነቅቷል፤ ዓይኑን ገልጦ ነው የሚያወራው። “ይቅርታ፣ ውሃ ልጠጣ” ብሎ ማቋረጥ ይችላል። ድምፁም ታሪኩም የራሱ ነው፤ ከውጭ የገባ እንግዳ የለም። ደግሞ “ውጣ!” ተብሎ የሚባረር ማንም የለም። (ዛር የሚያውቅ ሰው፣ ዛርም ቢሆን ይለመናል እንጂ ሁልጊዜ አይባረርም ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው። እሱ ግን በእምነቱ ከውጭ የመጣ ነው።) የሚጸልይ ሰውም ጸሎቱን ለመተው አይገደድም።

“ዓላማው መጥፎውን ድምፅ ማጥፋት ነው”

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሰዎች ሲመጡ “ይሄን ይሉኝታዬን አጥፉልኝ”፣ “ይሄ ሲተቸኝ የሚውለውን አፉን አስይዙልኝ” ይላሉ። ዘዴው ግን የሚያጠፋው ነገር የለም።

አንዲት የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ አለች እንበል፤ የምትኖረው ዱባይ ነው። ከአገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ብር ትልካለች። እምቢ ማለት አይሆንላትም። አመቻቿ ይሉኝታዋን ላናግራት ትላለች። ልጅቷ ወንበሯን ወደ ቀኝ ትስባለች፣ ጉልበቷን ገጥማ ትቀመጣለች።

— ሥራሽ ምንድን ነው?

— ማንም እንዳይቀየማት ማድረግ።

— ቢቀየሟትስ?

— ብቻዋን ትቀራለች።

— ይህን ሥራ መቼ ጀመርሽ?

— ልጅ ሆና። እናቷ ስታለቅስ ያየች ቀን።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። አመቻቿ አልተከራከረችም፣ “ይሄማ ልክ አይደለም” አላለችም። ጠላት መስሎ የኖረው ድምፅ ጠባቂ ሆኖ ተገኘ። ልጅነቷን ይዞ ያሳደጋት እሱ ነው። ችግሩ ልጅቷ አድጋ እሱ ግን አለማወቁ ነው።

ቀጥሎ ወንበሯን ወደ ግራ ትስባለች። አሁን የምታወራው ቤት ውስጥ ተራ አግኝታ የማታውቀው ናት። ድምጿ ይወፍራል፣ ትከሻዋ ይሰፋል። “ደክሞኛል! የራሴ ኪራይ ሳይከፈል የሰው ሠርግ ደገስኩ።” አመቻቿ እሷንም በእርጋታ ትሰማለች፣ ለእሷም አትፈርድም።

ከዚያ ልጅቷ መሀል ትመለሳለች። ስቶኖች ዋና የሚሉት ይህንን ቦታ ነው፦ ሁለቱንም የሰማ፣ ለአንዳቸውም ያልተገዛ ማንነት። በሚቀጥለው ጥሪ ትልክ ይሆናል፣ አትልክም ይሆናል። ብትልክም እያወቀች ነው። እኔ በግሌ ከዘዴው ይህን ነው የምወደው። ይሉኝታን ነቅሎ መጣል የሚል ምክር ብዙ ሰምቻለሁ፤ ለኛ ሰው ከቤተሰብ ጋር መቆራረጥ ማለት ስለሆነ ማንም አይተገብረውም።

“አማካሪው ጥፋቴን ይነግረኛል”

አይነግርም። ሽማግሌ እንኳ ግራ ቀኙን ሰምቶ መጨረሻ ላይ ይፈርዳል፤ አመቻች ግን ጠይቆ ዝም ነው። ምክር ፈልጎ የሄደ ሰው መጀመሪያ ላይ ሊናደድ ይችላል።

“በሳይንስ ተረጋግጧል”

ቆየት በሉ። ስለ ቮይስ ዲያሎግ የተሠራው ጥናት ጥቂት ነው። እህት ልትባል የምትችለው ዘዴ ሪቻርድ ሽዋርትዝ በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የጀመረው ኢንተርናል ፋሚሊ ሲስተምስ ነው። እሱ የቤተሰብ ቴራፒስት ነበር፤ ደንበኞቹ ስለ ውስጣቸው “ክፍሎች” ሲያወሩ ሰምቶ፣ ለቤተሰብ የሚያውቀውን ወደ ውስጥ አዞረው። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸውን 79 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። ይህን የሽዋርትዝን ምክክር ያገኙት ሕመማቸውና ድብርታቸው ቀነስ ብሎ ነበር። ተስፋ ይሰጣል፤ “ተረጋግጧል” ለማለት ግን ገና ነው። ለከባድ ድብርት የታዘዘ መድኃኒት ያለው ሰው በዚህ ምክክር ተማምኖ መድኃኒቱን ማቆም የለበትም።

“ቪዲዮ አይቼ ብቻዬን እሠራዋለሁ”

ለቀላል ነገር፣ ማስታወሻ ደብተር ላይ ሁለቱን ልብ ማጻፍ አይጎዳም። ጦርነት ወይም የስደት መንገድ ላይ የደረሰ ነገር፣ በአሠሪ ቤት የደረሰ ጥቃት ካለ ግን ለብቻ አይነካም። የተከፈተውን መልሶ የሚያረጋጋ ሰው አጠገብ ያስፈልጋል። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ በጆሮው የሚሰማ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪም ይየው፤ ያ ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው።

ቮይስ ዲያሎግ የሠለጠነ ሁሉ ፈቃድ ያለው ቴራፒስት አይደለም። ከመጀመራችሁ በፊት ሙያው ምን እንደሆነ፣ ፈቃድ እንዳለው፣ ከባድ ነገር ቢነሳ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁ። አፍራችሁ አትተዉት።

ውጭ አገር ያላችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ በምክክሩ ጊዜ አንዱ ድምፅ በአማርኛ ማውራት ይችላል ወይ? በአማርኛ ያደገው ልጅነታችሁ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ተጠይቆ ዝም ሊል ይችላል። እሱ በአማርኛ ያውራ፤ እናንተ ወደ መሀል ስትመለሱ ለአመቻቹ ታስረዱታላችሁ።